የንጉሥ ፔንግዊኑ ጫጩትና የኖኤሚ ቦት ጫማ

ሊንካይ ደሴት፣ ቺሎኤ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1995

ለሴጉንዶ ማንሲያ፣

እንደምን ሰነበትክ? የካጓቹ ናዝራዊ ኢየሱስ ከዚያ አገር ንፋስ ይሰውርህ፤ ፈረስህንም አያደናቅፍብህ። እኛ ክብር ለእርሱ ይሁንና ደህና ነን። ድንቹ ዘንድሮ ጥሩ ነው። ጎረቤቱ በደቦ ሊያወጣልኝ ነው፤ እኔ ምግቡን ብቻ ነው የማበስለው።

ልጅህ ኖኤሚ ስምንት ዓመት ሞላት። ጭቃው ሳይጀምር ቦት ጫማ ያስፈልጋታል፣ ያ የጎማው። እዚህ ሱቅ ያለው ወይ ለሕፃን ነው ወይ ለዓሣ አጥማጅ። አንተ ጋ፣ ፖርቬኒር ከተማ፣ ይገኛል ይላሉ። እግሯን ጋዜጣ ላይ አቁሜ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሬዋለሁ፤ ከዚህ ጋር አለልህ። ለሹራብ የሚሆን ሱፍም ላክ። በግ መሀል እየኖርክ ሱፍ የለኝም አትበለኝ።

አንድ ነገር ልንገርህና ሳቅ ወይም አልቅስ፣ እንደፈለግህ። አምና መምህር ሬናቶ ክፍል ውስጥ "አባትህ ምን ይሠራል? አባትሽስ?" እያለ ልጆቹን በተራ ሲጠይቅ፣ አንዱ ዓሣ ያጠምዳል አለ፣ ሌላው ጀልባ ይሠራል አለ። የአንተዋ ብድግ ብላ "የእኔ አባት ደብዳቤ ነው" አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን ለማሳቅ አላለችውም።

የወንድሜ ልጅ ሉስሚራ፣ አፈር ይቅለላትና፣ ይህችን ልጅ ትታልህ ስትሞት "ለአንድ የበግ ሸለታ ወቅት ብቻ ደርሼ ልምጣ" ብለህ ነበር የሄድከው። ይኸው ስድስት ዓመትህ። በል፣ ቸር ያሰማን።

አክስትህ ኦቲሊያ ቺጓይ


የማይረባው የባሕር ወሽመጥ፣ ቲዬራ ዴል ፉዌጎ
ማርች 29 ቀን 1995

ለተከበሩ አክስቴ ኦቲሊያ፣

በቅድሚያ ለጤናዎ እንደምን አሉልኝ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ወገቤን ትንሽ ከሚይዘኝ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በአምስተኛው ሳምንት ነው። የእርሻው ጭነት መኪና ወደ ከተማ የሚወርደው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ መሆኑን ያውቃሉ። ቦት ጫማውንና ሱፉን በእሱው ልኬያለሁ። ጫማውን በጋዜጣው ልክ አስለክቼ ነው የገዛሁት። ጋዜጣውን መዳፌ ላይ ብዘረጋው እግሯ ከመዳፌ አልፎ አንጓዬ ላይ ደረሰ። ስሄድ ሁለቱም እግሮቿ በአንድ እጄ ይያዙ ነበር።

"ምግቡን ብቻ ነው የማበስለው" ያሉት ነገር አልገባኝም። እርስዎ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው ድንች ሲቆፍር ቆመው የሚያዩት? አሞዎታል እንዴ?

ለኖኤሚ የሚነገር ነገር አለኝ። ከጎጆዬ በፈረስ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ የባሕር ዳር አለ። ባለፈው ጸደይ ንጉሥ ፔንግዊኖች መጥተው ሰፈሩበት። ሁልጊዜ የምናያቸው ትንንሾቹ ጉድጓድ ቆፋሪዎች አይደሉም። እነዚህ እስከ ወገቤ ይደርሳሉ፤ አንገታቸው ሥር እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ናቸው። አሥራ ስድስት ቆጠርኩ። ጎጆ የሚባል ነገር የላቸውም። ያለቻቸውን አንድ እንቁላል እግራቸው ላይ ያስቀምጡና በሆዳቸው ቆዳ ይሸፍኗታል። ባል ሲቆም ሚስት ባሕር ትገባለች፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይታ መጥታ ትረከበዋለች፣ እሱ በተራው ይሄዳል። አለቃችን ዶን ኡሊሴስ አይቷቸው፣ "ቆመው የሚውሉ፣ ሥራ የማይነኩ፣ ቁርጥ የቺሎኤ ሰው!" አለኝ። "የቺሎኤ ሰው ባይኖር በግዎን ማን ይሸልትልዎ ነበር?" አልኩት።

ከእንቁላሎቹ ሁሉ ለወግ የበቃው አንድ ነው፤ ሌላውን ቀበሮ ጨረሰው። ጫጩቱ ቡናማ ነው፣ ሱፍ የለበሰ ነው የሚመስለው፤ ከወላጆቹ ጋር አንድም የሚመሳሰል ነገር የለውም።

የሚመጣው ዓመት ሸለታው ሲያልቅ እመጣለሁ። ኖኤሚን ጉንጯን ሳሙልኝ።

ታዛዥዎ ሴጉንዶ


ሊንካይ
ሜይ 12 ቀን 1995

ለሴጉንዶ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሱፉ ጥሩ ነው። ቦት ጫማው ግን ትንሽ ነው። እግሯን ካሰመርኩት ሦስት ወር ሊሞላ ነው፤ እግር ደብዳቤ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ለጎረቤት ልጅ፣ ለማንም ልስጠው ብላት "አባቴ የላከው ነው" ብላ ጣቷን እያጠፈች ታደርገዋለች። ማታ ማታ ተረከዟን ቅባት እቀባላታለሁ።

አሁን ዋናውን ነገር ልጻፍልህ። መምህር ሬናቶና ሚስቱ ግላዲስ በዲሴምበር ወደ ቫልዲቪያ ይዛወራሉ። ፈጣሪ ልጅ አልሰጣቸውም። ኖኤሚን ወስደን እንደ ልጃችን እናሳድጋት፣ በስማችንም እናስመዝግባት ብለው ለመኑኝ። ደግ ሰዎች ናቸው። ልጅቱም አትጠላቸውም። የሚቀረው የአባት ፊርማ ነው፤ ወረቀቱ ይኸው ውስጡ አለ። ሱፉንም ጫማውንም ተወው፤ ይህን ብቻ ፈርመህ መልስልኝ። ዓመት በመጣ ቁጥር "የሚመጣው ዓመት" ትለኛለህ። እኔ ሰባ አንድ ሞላኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው የሚባለው።

የፔንግዊኑን ደብዳቤ አሥር ጊዜ አስነብባኛለች። "ጫጩቱ ክረምቱን ከማን ጋር ነው የሚያሳልፈው?" ትላለች። መልስላት።

ኦቲሊያ


የማይረባው ወሽመጥ
ጁላይ 3 ቀን 1995

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ከረሙ? እዚህ በረዶው እስከ መስኮቱ ደርሷል። መኪናው ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተንቀሳቀሰም፤ ይህ መቼ እንደሚደርስዎ እንጃ።

ለኖኤሚ ይንገሩልኝ፤ ጫጩቱ ክረምቱን የሚያሳልፈው ከእኔ ጋር ነው! ሜይ ሲጋመስ ትልልቆቹ ሁሉ ባሕር ገቡና ጠፉ። አንድ ሳምንት ሄጄ አየሁ፣ የሉም። ሁለት ሳምንት፣ የሉም። አምስት ሳምንት! ጫጩቱ ብቻውን በረዶ ላይ ቆሟል፣ ጀርባውን ለንፋሱ ሰጥቶ። ቀን በቀን ይከሳል። እዚህ አገር ደንብ አለ፤ እናቱ የሞተችበት ወይም የጣለችው ግልገል ያገኘ እረኛ ብብቱ ሥር አድርጎ ቤቱ ያስገባዋል። ጥሎት ያለፈ እረኛ ከሰው አይቆጠርም። እኔም ፖንቾ ካባዬን ጠቅልዬበት ኮርቻው ላይ አስቀመጥኩት። መንገዱን ሙሉ ሲነክሰኝ መጣ።

የግልገል ጡጦ ብሰጠው ወተቱን ፊቴ ላይ ተፋብኝ። አሁን ከጅረቱ ዓሣ እያጠመድኩ፣ እየቆራረጥኩ፣ በጣቴ ጉሮሮው ውስጥ እከትለታለሁ። ምድጃው ዳር ሳስጠጋው ያለከልካል፣ በር ላይ ሳወጣው ዝም ይላል። ዶን ኡሊሴስ ገብቶ አየውና፣ "አንተ ሴጉንዶ፣ ሱፉስ ያምራል! ኖቬምበር ላይ ትሸልተዋለህ?" ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ይሳቅ። ጫጩቱ ቢያንስ በሕይወት አለ።

ስም አላወጣሁለትም። ኖኤሚ ታውጣለት ብዬ ነው።

ታዛዥዎ ሴጉንዶ


ሊንካይ
ኦገስት 4 ቀን 1995

ሴጉንዶ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ሦስት ገጽ ጽፈሃል፤ ሦስቱም ስለ ወፍ ነው። ወረቀቱስ? ደረሰኝም አልደረሰኝም የለም፣ እፈርማለሁም አልፈርምም የለም። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ሲሉ እሰማ ነበር፤ አሁን ሞኙም ወረቀቱም አንድ ቤት ተገናኝተዋል።

ደብዳቤህን ለኖኤሚ አነበብኩላት፣ ደስ ይላታል ብዬ። እሷ ግን ድንቿን እየላጠች፣ "እማማ፣ እናቱ እንደሞተች በምን አወቀ?" አለችኝ።

"ብዙ ስለቆየች ነዋ!" አልኳት።

"ብዙ የቆየ ሁሉ ሞቷል ማለት ነው?"

እስቲ አንተ ንገረኝ። ልጣጩን ወደ አሳማዎቹ ይዛ ወጣች። ስትመለስ ደግሞ ስም አላወጣለትም አለች። እናቱ ያወጣችለት ስም ሊኖር ይችላል፤ በሁለት ስም ቢጠሩት የትኛው እንደሆነ ይጠፋዋል አለች።

ኦቲሊያ


የማይረባው ወሽመጥ
ሴፕቴምበር 5 ቀን 1995

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን አሉ? እኔስ ደህና አይደለሁም።

ልጅቱ ልክ ናት። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ኦገስት 23 ቀን ነው። አንብቤው ስጨርስ እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ ሲነጋ ፈረሴን ጭኜ ወደ ባሕሩ ወረድኩ። አክስቴ፣ አንዱ ትልቅ መጥቷል! ጫጩቱን ካነሣሁበት ቦታ ላይ፣ እዚያው ጠጠር ላይ ቆሟል። ጠግቧል፣ ወፍሯል፣ ከባሕር ገና መውጣቱ ነው። አንገቱን ወደ ሰማይ ይመዝዝና ይጣራል። ከዚያ ራሱን ደፍቶ ያዳምጣል። አሥር እርምጃ ሄዶ እንደገና ይጣራል። ማን ይመልስለት? የሚመልሰው እኔ በር ላይ ነው። እስከ ቀትር ፈረሴን ይዤ ቆሜ ሰማሁት። በሕይወቴ የሰው ነገር ሰርቄ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ሌባ መሆኔን አወቅሁ።

ጋልቤ ሄጄ ጫጩቱን ይዤ ተመለስኩ። በረዶው አዘግይቶኝ ሲመሽ ደረስኩ። ወደ ባሕሩ የሚወስድ ዱካ ብቻ ነው ያገኘሁት።

በበግ ነው የለካሁት፤ ጥፋቴ ይኸው ነው። በግ ግልገሏን አምስት ቀን ከተወች አበቃ። እነዚህ ግን ክረምቱን ሙሉ ሩቅ ባሕር ነው የሚውሉት፣ ምግቡ የራቀ ስለሆነ። ልጁም በስቡ እየኖረ ይጠብቃል። ቀድሞ ማን ነገረኝ? ማንንስ ጠየቅሁ?

አሁን ባሕሩ ዳር ሸራ ወጥሬ ከጫጩቱ ጋር ነኝ። ቀበሮ ስላለ ትቼው አልሄድም። ግልገል የሰው ጠረን ከያዘ እናቱ አሽትታ ስለምትገፋው፣ የእኔና የምድጃው ሽታ እንዲለቀው በባሕር ቅጠልና በጨው ውኃ አሸሁት። ነከሰኝ። እንግዲህ ይምጡ አይምጡ አላውቅም።

ወረቀቱን ጠይቀውኛል። ከማቴ ሻይ ቆርቆሮው ጀርባ ነው። አልፈረምኩትም፣ አልቀደድኩትምም። እውነቱን ልንገርዎት፤ ፈርቼ ነው። መጀመሪያ ሉስሚራ የሌለችበት ቤት መግባት አቃተኝ። ቀጥሎ መዘግየቴ አሳፈረኝ። አሁን ደግሞ መጥቼ በሩ ላይ ስቆም ልጄ "እማማ፣ አንድ ሰውዬ መጥቷል" ትላለች ብዬ እፈራለሁ።

ሴጉንዶ


ሊንካይ
ሴፕቴምበር 27 ቀን 1995

ሴጉንዶ፣

ፈጣሪ ልቦና ይስጥህ፤ ሌላ ምርቃት ዛሬ አይወጣልኝም። ለወፍ ጫጩት ሸራ ወጥረህ ዘብ ትቆማለህ! ከቀበሮ ትጠብቀዋለህ! የራስህን ማን ይጠብቅልህ? እኔ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ፣ ደሴቱ ሁሉ የሚያውቀውን አንተ ብቻ ነህ ያልሰማኸው። አሞዎታል ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። አዎን፣ አሞኛል። የካስትሮ ከተማ ሐኪም ጃንዋሪ ላይ "ልብሽ ደክሟል፣ ጆንያ እንዳታነሺ፣ ዳገት እንዳትወጪ" አለኝ። ዳገት ላይ ቤት ሠርቼ ዳገት እንዳልወጣ! ከቤቴ እስከ ጀልባው ማረፊያ ሦስት ቦታ እቀመጣለሁ። ያልነገርኩህ አዝነህልኝ እንዳትመጣ ነው። ለእሷ ብለህ እንድትመጣ ነበር የፈለግሁት።

አንተ ፈራሁ ትላለህ። እኔም ፈርቻለሁ። አንድ ጠዋት ልትቀሰቅሰኝ መጥታ ሳልነሣባት እንዳልቀር ነው የምፈራው።

ግላዲስ ለኖኤሚ አልጋ ገዝታለች። ዲሴምበር 10 ቀን ይሄዳሉ። ወይ ፈርም ወይ ና። ሦስተኛ ነገር እንዳትጽፍልኝ።

ኦቲሊያ


የማይረባው ወሽመጥ
ኦክቶበር 21 ቀን 1995

ለተከበሩ አክስቴ፣

ልብዎን ያበርታልኝ። የጻፉትን አንብቤ ከአንጀቴ አለቀስኩ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ ልል ነበር፣ ግን በምን አፌ።

ሦስተኛ ነገር አልጽፍም፤ እመጣለሁ። ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። መምህርና ባለቤታቸው ይቀየሙኝ፣ መብታቸው ነው።

መቼ ቆረጥኩ ቢሉኝ ኦክቶበር 16 ቀን ነው። ጠዋት ሸራዬ ውስጥ ውኃ እያፈላሁ ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ ስድስት ትልልቆች ከማዕበሉ ወጥተው ጠጠሩ ላይ ቆመዋል። አንዱ ከመካከላቸው ወጣ ብሎ ተጣራ። ጫጩቱ እኔ አጠገብ ተኝቶ ነበር። አምስት ወር ሊሞላ ነው ወላጅ ካየ፤ በዚያ ላይ እኔ ጣቴን ጉሮሮው ውስጥ ስከት ከርሜያለሁ። እንዴት እንደተነሣ! እያፏጨ፣ እየወደቀ፣ እየተነሣ ሮጠ። አምስቱን አልፏቸው ሄደ፤ ዞር ብሎም አላያቸው። የተጣራው ፊት ሲደርስ ቆመ። ትልቁ እንደገና ተጣራ፤ ጫጩቱ መለሰ። ከዚያ አፉን ከፈተለትና አጎረሰው።

አላሸተተውም፣ አክስቴ! ሽታው ምን እንደሆነ ግድም አልሰጠው። መልኩንም አላየ፤ ድሮ ትቶት የሄደው የሰባ ነበር፣ አሁን አጥንት ነው። በድምፁ ብቻ ነው። ያንን ሁሉ የባሕር ቅጠል በከንቱ አሸሁት።

ለዶን ኡሊሴስ ሥራ ለቀቅሁ አልኩት። "ሸለታው ሊጀመር ነው እኮ! አብደሃል?" አለኝ። "ልጄ ትጠብቀኛለች" አልኩት። "ስድስት ዓመት የጠበቀች ልጅ ሦስት ወር ትጨምር" አለ። ኮርቻዬን ከግድግዳው ማውረድ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ መጥቶ፣ ቀበሮውን እሱ ራሱ እየወረደ እንደሚያይልኝ ነገረኝ። እንዳላወራበትም አስጠነቀቀኝ።

ለኖኤሚ ምን እንደሚሏት አላውቅም። እንዳሻዎ ይንገሯት።

ልጅዎ ሴጉንዶ


ሊንካይ
ኖቬምበር 10 ቀን 1995፣ ዓርብ

ለሴጉንዶ፣

እንኳን ለአገርህ አበቃህ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። አንተን ደግሞ ዛሬ በራዲዮ ሰማንህ። ከምሳ በኋላ ደሴቱ ሁሉ መልእክት የሚያዳምጥበት ሰዓት ነው፤ "የእገሌ እናት ከሆስፒታል ወጥተዋል"፣ "እገሌ በሬውን ይምጣና ይውሰድ" ሲባል ኖኤሚ ሳህን ታጥባለች። አስተዋዋቂው "አንድ ሰው ራሴ ካልተናገርኩ ብሎ ያስቸገረን አለ" ብሎ ሳቀና ድምፅህ መጣ። "ኖኤሚ፣ አባትሽ ነኝ። ካስትሮ ደርሻለሁ። በቅዳሜው ጀልባ እመጣለሁ።" አለቀ። ወረቀት ላይ እንዲያ የምትለፈልፈው ሰውዬ አፍህን ስትከፍት እንዲህ አጭር ነህ?

ልጅቱ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። "እንደገና ይለዋል?" አለችኝ። "አይልም፣ አንዴ ነው" አልኳት። ራዲዮው እስኪዘጋ ድረስ ከአጠገቡ አልተነሣችም።

ከዚያ ፍርሃት ያዛት። "መልኩን አላውቅም። እሱም የእኔን አያውቅም። ሰው ሁሉ ሲወርድ ብንተላለፍስ?" አለች። ፈጣሪ ይይልህ፣ አባትና ልጅ አንድ ፍርሃት ተካፍላችኋል! ማክሰኞ የደረሰኝን የፔንግዊኑን ደብዳቤ አውጥቼ አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ ሰምታ፣ "እሺ፣ ብቻዬን እወርዳለሁ" አለች።

እኔ አልወርድም፤ ዳገቱን ታውቀዋለህ። ጎረቤት እንዲያመለክታት አልላክሁም። መምጣትህን ስነግራት ግላዲስ አልቅሳለች፣ ቢሆንም ነገ ጠዋት የኖኤሚን ጸጉር የምትጎነጉንላት እሷ ናት፤ አመስግናት። ልጅቱ ምን እንደምትለብስም አላስነገርኩህም። እሑድ በዓል ስለሆነ ማረፊያው በሰው ይሞላል፣ ልጅ እንደ አሸዋ ነው፣ ሁሉም ያደረገው ያው ጥቁር ቦት ነው። ይህን ደብዳቤ ለእሷ ሰጥቻታለሁ። "ማንም ቢጠይቅሽ እንዳትሰጪ። ቆሞ በስምሽ ለሚጣራው ብቻ፣ ድምፁ ያ የራዲዮው ከሆነ ብቻ" ብያታለሁ። እሺ ብላ ብብቷ ሥር ከታዋለች።

እንግዲህ ይህን እያነበብክ ከሆነ ተጣርተሃል፣ እሷም መልሳልሃለች።

ቶሎ ኑ፣ ምሳው እንዳይቀዘቅዝ። ቦት ጫማው በጣም ጠብቧታል፤ ዳገቱን አዝለሃት ውጣ።

አክስትህ ኦቲሊያ